ልጆች ይዞ ቆላ መውረድ፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ብርዱ ወራት ሲገባ ከቤተሰቤ ጋር በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ እንወርዳለን። ድንኳን ተክለን እናድራለን፤ ጠዋት ጠዋት በእግር እንጓዛለን። «ጠይቁኝ» ስላልኩ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ፤ እነሆ መልሱ።

ደሴ ነው የምንኖረው። ልጆቼ የሚያውቁት ብርድ ነው። ሙቀቱን ይችሉታል?

አብሽሪ እህቴ፣ ይችሉታል። ግን አታጣድፊያቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአፋሯ ከተማ ሚሌ ግን ከ500 ሜትር ብዙም አትርቅም። በየ1,000 ሜትሩ በወረድሽ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ጠዋት ጃኬት ለብሶ የተነሳ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሌላ አገር ላይ ነው ያለው። ሰውነት ሙቀትን በደንብ ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባቲ ብዙ አትራቁ። አንድ ሰዓት ተጓዙና ተመለሱ፤ ይበቃል።

መቼ እንሂድ? በስንት ሰዓትስ እንጓዝ?

ከኅዳር እስከ ጥር። ጉዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይሁን። ከዚያ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ለአምስት ሰው ለሁለት ቀን ስንት ውሃ ይበቃል?

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር አስቡ። ለአምስት ሰው ለሁለት ቀን 40 ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። እኔ ሦስተኛ እጨምራለሁ። መኪና ከተበላሸ ያቺ ጀሪካን ናት የምታድነው። ስትጓዙ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሃይላንድ አስይዙት፣ «ጠማኝ» እስኪል ግን አትጠብቁ። ጨዋታ የያዘው ልጅ ጥሙን ይረሳል። በየ20 ደቂቃው ቁሙና አብራችሁ ጠጡ። ላብ ጨውም ስለሚወስድ ቆሎና በሶ በጨው ያዙ።

ድንኳኑን የት እንትከል? ደረቅ ወንዝ ላይ ያለው አሸዋ ለልጆች ይመቻል ብለውኛል።

ወንድሜ፣ ይህንን እለምንሃለሁ፤ እዚያ አትትከል።

አንድ ሚያዝያ እኛም አሸዋው ለስላሳ ነው ብለን እዚያው ተከልን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንድ የአፋር እረኛ ፍየሎቹን እየነዳ መጣና ምንም ሳይል በበትሩ ወደ ግራሩ ጠቆመኝ። ቀና ስል ከራሴ ከፍ ብሎ ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ሣርና የተቀዳደደ ፌስታል ተጠላልፏል። ነፋስ ያመጣው መስሎኝ ነበር። «ውሃ ነው» አለኝ። ድንኳኑን ነቅለን ዳገቱ ላይ ወጣን። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ድንጋይ የሚንከባለል የሚመስል ድምፅ መጣ። ሲነጋ መጀመሪያ የተከልንበት አሸዋ ቡናማ ጎርፍ ሆኖ ነበር። ሚስቴ ልጆቹን አቅፋ አለቀሰች።

እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ላይ ወሎ፣ ደጋው ላይ ነው። በበልግም ሆነ በክረምት የደጋው ዝናብ በደረቁ ወንዝ እየነጎደ ቆላውን ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ዛፎቹን እዩ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሣር ተንጠልጥሎ ካያችሁ ሽሹ።

ምን እናልብሳቸው?

ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ረጅም፣ ነጣ ያለ ልብስ። ኮፍያ ከሌለ ነጠላ ጠምጥሙላቸው። በሲሊፐር እንዳትሞክሩት፤ የግራር እሾህ ስስ ሶልም ይበሳል። ለማታ አጎበር አትርሱ፣ ወባ አለ።

ልጄ መንገድ ላይ ራሱን ቢያዞረውስ?

ጉዞው አለቀ ማለት ነው። ጥላ ውስጥ አስተኛው፣ ልብሱን ፍታ፣ ገላውን በውሃ አርጥበህ አራግብለት። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠህ ቀስ እያልክ አጠጣው። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጠው። እያቀዘቀዝከው ወደ ሕክምና ሩጥ።

እባብና ጊንጥስ?

ጠዋት ጫማ ሳታራግፉ አትልበሱ። እባብ ከነደፈ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩ። የተነደፈው እግር ሳይንቀሳቀስ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱ።

መንገዱን ማንን እንጠይቅ?

የአገሩን ሰው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል። እናንተም ቁሙ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ጊዜ ስጡት። ውሃ የት እንዳለ፣ ጎርፍ የት እንደወረደ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። አንድ ነገር ልጨምር፤ በ2014ቱ ጦርነት ውጊያ የነበረባቸው ቦታዎች አሉ። ያልፈነዳ ፈንጂ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ከግመል ዱካ አትውጡ። ልጆች የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ለልጆች የሚታይ ነገር አለ?

ሞልቷል! ድንቅነሽ በ1967 የተገኘችበት ሐዳር እዚያው አፋር ውስጥ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስላት ልጄ መቁጠር ጀመረች። አጥንት የሚመስል ድንጋይ ብታዩ ግን ሳታነሱ እለፉ። መመለሻችሁን ደግሞ ሰኞ አድርጉት፤ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ልጆቹ ግመሎቹን ሲያዩ ድካማቸውን ይረሱታል።