ቲሸርቱን የበሳው ሳሙና አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአንድ ሱቅ 30 ጥቁር ቲሸርት ሰፍተሻል። ስታስረክቢ ምንም እንከን አልነበረውም። ደንበኛሽ ግን «አንዴ ታጥቦ ትከሻውና ጎኑ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አወጣ» ብሎ መለሰልሽ። እሱ «ጨርቁ ርካሽ ነው» ይላል፣ ጨርቅ ሻጩ «ሳሙናው ነው» ይላል። ነጩን ስትሰፊ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞሽ አያውቅም። አሁን ማንን ልያዝ ነው የምትይው።

ማንንም አትያዢ። እንደኔ ከሆነ መርፌሽ ነው።

እንዴት አወቅሽ ካልሽኝ፣ የቀዳዳዎቹ ቦታ ይናገራል። ብል ወይም በረኪና ቢሆን ኖሮ ደረቱንም ጀርባውንም ያገኘውን ሁሉ ይበሳው ነበር። ያንቺዎቹ ግን ስፌቱን ተከትለው ተሰልፈዋል። አንዱን ቲሸርት ገልብጪና መስኮት ላይ ያዢው። ስፌቱን ግራና ቀኝ ሳብ አድርጊው፣ በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ እዪው። መርፌው ያለፈበት ቦታ ላይ የተበጠሰ ቀጭን ክር ጫፉ ብቅ ካለ ተቆርጧል ማለት ነው። ጫፉ እንደ ነጥብ ተኮማትሮ ከጠነከረ ደግሞ ቀልጧል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ታዲያ ስታስረክቢ ለምን አልታየም? የቲሸርት ጨርቅ እንደ ካኪ ክርና ክር ተሻግሮ የተሸመነ አይደለም። እንደ ሹራብ ነው፣ ዙር በዙር የተያያዘ። መርፌው በዙሮቹ መሃል ሸርተት ብሎ ማለፍ አለበት። አንዱን ዙር አግኝቶ ከበጠሰው፣ ጎረቤቶቹ ለጊዜው ይዘውት ይቆያሉ። ሲታጠብ፣ ሲጨመቅ፣ ሲለበስና ሲለጠጥ ግን ይላቀቃል፣ ቀጥሎ ያለውም ይከተለዋል። ስቶኪንግ ሲተረተር አይተሽ የለ? እሱ ነው። ቀዳዳው ያንቺ ማሽን ላይ ተፈጥሮ ሳፋ ውስጥ ነው የታየው።

እኔም ደርሶብኝ ነው የምነግርሽ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባሁት። ሦስት ዓመት የልብስ ስፌት መስመር ላይ ሠርቼ ወጣሁና የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ፋብሪካ ውስጥ መርፌ የሚመርጠው መካኒኩ ነበር፣ የኛ ሥራ ፔዳል መርገጥ ነው። ስለዚህ መርፌ ሁሉ መርፌ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ የካኪ ሱሪ ስሰፋ ሰነበትኩና አርብ ዕለት 24 ጥቁር ፖሎ ቲሸርት በዚያው መርፌ ሰፋሁ። 14 ቁጥር፣ ጫፉ የሾለ፣ አምስት ቀን ካኪ ሲበሳ የከረመ። በሁለተኛው ሳምንት 11ዱ ተመልሰው መጡ። ገንዘቡን መለስኩ። ያቺን መርፌ እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ።

የመርፌው ፓኬት ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 90/14። 90 ማለት የመርፌው ውፍረት 0.9 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፣ 14 ደግሞ የዚያው የመርፌ ሌላ መጠሪያው ነው። ለስስ ቲሸርት 70/10 ወይም 75/11 ይበቃል። 90ውን ለካኪ፣ 100/16ቱን ለጂንስ ተዪው። ከውፍረቱ ይልቅ ግን ጫፉን እዪ። የሾለ ጫፍ ክሩን ይወጋዋል። ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ ክብ ያለ መርፌ አለ፣ ክሩን ገፋ አድርጎ በጎኑ ያልፋል። ሻጩን «ቦል ፖይንት» ብትይው ይገባዋል። ፓኬቱ ላይ «ኤስ ኢ ኤስ» የሚል ካየሽ ቀለል ያለ ክብ ጫፍ ነው፣ ላንቺ ሥራ የሚሆነው እሱ ነው። «ኤስ ዩ ኬ» የሚለው ከዚያ የበለጠ ዶልዶም ነው፣ ሰፋ ሰፋ ላለ ሹራብ ይሻላል።

ደግሞ ኦቨርሎክሽን፣ የጨርቁን ጠርዝ እየከረከመ የሚሰፋውን ማሽን፣ እንዳትረሺ! ብዙ ሰው የቀጥታ ስፌቱን መርፌ ይቀይርና ኦቨርሎኩ ላይ ማሽኑ ሲገዛ የመጣችው መርፌ ትቀራለች። የቲሸርት ትከሻና ጎን የሚሰፋው በየትኛው ሆነና? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እዚያ ነው።

የመርፌ ጫፍ መበላሸቱ በዓይን አይለይም። አውልቀሽ ጥፍርሽ ላይ ቀስ አድርገሽ ጎትቺው። ከጫረሽ ጣዪው። አሮጌ ስቶኪንግ ካለሽ እሱ ላይ አስነኪው፣ ክር ከያዘ አለቀለት። ፋብሪካ እያለን መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ወረቀት ላይ ካልተለጠፈ አዲስ አይሰጡንም ነበር። ስባሪ ልብስ ውስጥ ቀርቶ የሚለብሰውን ሰው እንዳይወጋ ነው። ያኔ ያናድደኝ ነበር፣ ዛሬ ሱቄ ውስጥ እኔው ራሴ አደርገዋለሁ።

የሚሰበር መርፌ ሌላም ጣጣ አለው። ታች ያለውን ብረት ይመታና መርፌው የሚገባባት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሻካራ ነገር ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አዲስ መርፌ ብታስገቢም ጨርቁ መቧጨሩ አይቀርም። ጥጥ ወስደሽ ቀዳዳዋ ዙሪያ አሺው። ጥጡን ከያዘው ጨርቅሽንም ይይዘዋል። መካኒክ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ ከባሰ ብረቱ ይቀየራል። ቀዳዳዋ ለጂንስ ተብላ የሰፋች ከሆነችም ስስ ጨርቅ ከመርፌው ጋር አብሮ ይሰምጥባታል።

ነጩ ደህና ሆኖ ጥቁሩ ለምን? ጥቁር ብዙ ቀለም ይጠጣል። ብዙ ጊዜ ከማቅለሚያ ደርቆ ይወጣል፣ በቂ ማለስለሻ ካልገባበት እንደዚያው ይቀራል። ለስላሳ ክር መርፌ ሲመጣበት ዘወር ይላል፣ የደረቀ ክር ግን ባለበት ቆሞ ይበጠሳል። ስለዚህ ጨርቅ ሻጭሽ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው አልልም። ግን እሱ ጋ ከመሄድሽ በፊት የራስሽን ቤት አጽጂ።

ቀልጦ ካገኘሽው ነገሩ ሙቀት ነው። የኢንዱስትሪ ማሽን በደቂቃ እስከ 5000 ስፌት ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት መርፌው በፍትጊያ ብቻ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ፖሊስተር ደግሞ በ250 እና በ260 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። በተለይ ረጅም ስፌት ነድተሽ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ድንገት ስታቆሚ እዚያች ነጥብ ላይ ያቃጥላል። ክር ቶሎ ቶሎ ከተበጠሰብሽና የመርፌው ዓይን ላይ ደረቅ ቆሻሻ ከተለጠፈ እሱ ነው። ቀስ በዪ፣ ቀጭን መርፌ አድርጊ። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ያላችሁ ግን በዚህ አትጨነቁ።

ጨርቁን የሚገፋው ጥርስና ከላይ የሚጫነው እግር አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳ አያወጡም፣ ግን ጨርቁ ላይ ምልክት ይተዋሉ። ጫናውን ቀንሺ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ግሩፕ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ የምትሰፉ ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሸማ ላይ ችግሩ የክር መበጠስ ብቻ አይደለም፣ መሸሽም አለ። በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ሳሳ ይላል። ወገቡን አጥብቃችሁ በጠባቡ ከሰፋችሁት፣ ባለቤቷ ሠርግ ላይ እስክስታ ስትመታ ክሮቹ ከስፌቱ ሸሽተው እንደ መሰላል ይከፈታሉ። ለስፌት የምትተዉትን ጨርቅ ሰፋ አድርጉ፣ ከውስጥ ገበር ይያዘው። ጥለቱ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ክር ደግሞ የማሽኑ ጥርስ ይቦጭቀዋል። እኔ ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጌ እሰፋና በኋላ ቀድጄ አወጣዋለሁ። ሳቲን ላይስ? ሳቲን ላይ አትሳሳቱ። ስፌቱ ቢፈታም የመርፌው ቀዳዳ አይጠፋም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ከእንግዲህ ጨርቅ ስትገዢ ከመቁረጥሽ በፊት ሁለት ቁራጭ ደርበሽ አንድ ክንድ ያህል ስፊ፣ በቁመቱም በወርዱም። የትከሻና የአንገት ስፌት እንደሚገናኙበት ቦታ አራት ድርብ አድርገሽም ስፊ፣ ብዙ ጊዜ የሚበሳው እዚያ ነው። ከዚያ በሳሙና እጠቢው፣ አሺው፣ ጭመቂው። ሲደርቅ እየለጠጥሽ መስኮት ላይ እዪው። ሳታጥቢ ብታዪው ምንም አይነግርሽም። በአዲስ 70 ቁጥር ክብ ጫፍ መርፌ፣ በዝግታ ሰፍተሽ አሁንም ከተበሳ፣ ያኔ ያንን ቁራጭ ይዘሽ ጨርቅ ሻጩ ጋ ሂጂ። የምታሳዪው ነገር አለሽ።

የተመለሱት 30ዎቹስ? ቀዳዳው ከስፌቱ ጥግ ከሆነ ግማሽ ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ አስገብተሽ በአዲስ መርፌ ስፊው፣ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ለሚለብስ ሰው ይሆናል። ከዚያ የራቀውን አትልፊበት፣ ነገ ይተረተራል። ደንበኛሽን «ችግሩ ከኔ ነው፣ ይሄን ያህሉን እተካለሁ» በዪው። እኔ የ11ዱን ገንዘብ የመለስኩለት ሰውዬ ዛሬም ደንበኛዬ ነው፣ ምንም እንኳ እያንዳንዱን ልብስ መስኮት ላይ ይዞ ሳያይ ባይቀበለኝም።

እስቲ አሁን ሂጂና የኦቨርሎክሽን መርፌ አውልቂው። ጥፍርሽ ላይ ሞክሪውና ምን እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ቁጥሩንም አብረሽ ንገሪኝ። ፓኬቱን ጥለሽው ከሆነ የመርፌው አንገት ላይ ተቀርጿል፣ በካሜራሽ አጉልተሽ ታነቢዋለሽ።