ሲዲኤል ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ? ላልከው ወንድም

ሰላም ወንድሜ። «ዳላስ ነው ያለሁት፣ ለሲዲኤል (ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ትምህርት ቤት ልከፍል ነው፣ ግን ትራክ ያለ ሹፌር ሊሄድ ነው እያሉ ያስፈራሩኛል፤ ገንዘቤን ውኃ ሊበላው ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ መሪ ከጨበጥኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ያየሁትን ልንገርህ።

ወሬው ውሸት አይደለም። እንዲያውም የተጀመረው አንተው ሰፈር ነው። ኦሮራ የሚባለው ኩባንያ በ2025 ጸደይ ላይ ከዳላስ ሂውስተን፣ አይ-45 በሚባለው አውራ ጎዳና፣ መሪው ጋ ሰው ሳይቀመጥ ጭነት ማመላለስ ጀመረ። ሳምንታት ሳይቆይ ግን የትራኩ አምራች ጠይቆ ሰው ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ሰውዬው አይነዳም ነበር፣ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ 240 ማይል ገደማ፣ ሜዳ፣ በረዶ እምብዛም የማያየው። እኔና አንተ 11 ሰዓት ከነዳን 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታችን ነው። ማሽኑ እንቅልፍ የለውም። የባለቤቶቹ ጉጉት እዚህ ላይ ነው።

አገር ቤት ከባድ መኪና ያለ ረዳት አይወጣም አይደል? እኔ ትራኬ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር እንደ ረዳት ነው የማየው። ጎበዝ ነው፣ ግን አንዳንዴ ይቃዣል።

ኦክላሆማ ውስጥ በሰዓት 65 ማይል ስሄድ፣ ፊቴ ጭው ያለ ባዶ መንገድ ነው። ድልድይ ስር ልገባ ስል ራዳሩ ድልድዩን የቆመ መኪና አድርጎት ነው መሰለኝ፣ ፍሬኑን ራሱ ያዘው። ቡናዬ ዳሽቦርዱ ላይ ተደፋ። ከኋላዬ የነበረች ፒክአፕ ለጥቂት ነው የሳተችኝ። ሌላ ጊዜ ዋዮሚንግ፣ አይ-80 ላይ፣ በረዶ ባምፐሩን ሸፍኖት «ሴንሰሩ አይሠራም» አለኝና ክሩዙን (ፍጥነቱን ራሱ የሚይዘውን) ጥሎልኝ ሄደ። መውጫ አግኝቼ፣ ወርጄ በጓንቴ ጠረግሁት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያው ሆነ።

ግን ላማው አልችልም። አንድ ሌሊት ደክሞኝ፣ 30 ማይል የተጻፈበት የኤግዚት (የሃይዌይ መውጫ) ጥምዝ ውስጥ ከ45 በላይ ይዤ ገባሁ። ጭነቱ ሙሉ ነው፣ ከላይም ከባድ። ተሳቢው ማዘንበል ሲጀምር ወንበሩ ላይ ወገቤ አወቀው። እግሬ ፍሬን ጋ ሳይደርስ ሞተሩ ጉልበቱን ቀነሰ፣ ፍሬኑ በየጎማው ያዘ፣ ትራኩ ቀጥ አለ። ይኼ መገልበጥን የሚከላከል ሥርዓት ከኦገስት 2017 ጀምሮ በሚሠሩ ባለ ሦስት አክስል ጎታቾች ላይ በሕግ ግዴታ ሆኗል። ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አሁን ደግሞ ጎማ ፈንድቶ ዳር ቆምክ እንበል። ሕጉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስቱን ትራያንግል (የማስጠንቀቂያ ምልክት) መንገዱ ላይ አስቀምጥ ይላል። ማን ወርዶ ያስቀምጠው? ኩባንያዎቹ ትራኩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይበቃል ባይ ናቸው። ሸራውን ማን ያልብስ፣ ሰንሰለቱን ማን ያጥብቅ? ቺካጎ ውስጥ ሦስት መኪና ባጨናነቀው ጓሮ ዶኩ (የመጋዘኑ መጫኛና ማራገፊያ በር) ላይ ማን ባክ ያድርግ?

ስለዚህ ሲዲኤሉን አውጣ። ብቻ ከመጋዘን መጋዘን በቀጥታ ሃይዌይ ድራይ ቫን (ዝግ ሳጥን ተሳቢ) እየጎተትኩ ጡረታ እወጣለሁ እንዳትል፤ መጀመሪያ ከእጃችን የሚሄደው እሱ ነው። የታንከር (የፈሳሽ ጭነት) እና የሀዝማት (የአደገኛ ዕቃ) ፈቃድ ጨምርበት። ሀዝማት አሻራና የጀርባ ማጣራት ስላለው ጊዜ ይበላል፣ ቀድመህ ጀምረው። ፍላትቤድ (ክፍት ጠፍጣፋ ተሳቢ) የሚያስተምርህ ካገኘህ ትንሽ ቢከፍልህም ግባ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ፈቃዱ በወጣ በማግስቱ አዲስ ትራክ በብድር እንዳትገዛ። ቢያንስ ሁለት ዓመት የሰው ንዳ። የአምስት ዓመት ዕዳ ተሸክመህ ይኼን ነገር ከመጠበቅ፣ እጅህን አፍታተህ መጠበቅ ይሻላል።

ዶክ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ልወጣ ነው። የቀረህ ጥያቄ ካለ ጻፈው፣ ማታ ስቆም እመልሳለሁ።