የኋላ መብራትህን ማን እንደሚነካው እወቅ

ወንድሜ፣ «ከለገጣፎ ሰንዳፋ ማታ ማታ እመላለሳለሁ፤ የሞተር ሳይክሌን መልክ ሳላበላሽ የኋላ መብራቱን እንዴት ላጉላው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ በሱሉልታ መንገድ ያየሁትን አንተ እንዳታየው ልንገርህ።

አንደኛ፣ ያንን የጠቆረ የመብራት ሽፋን አትግዛ። ቀን ያምራል፣ ማታ ብርሃኑን ይውጠዋል። በቀይ ሽፋን ውስጥ የምታስገባው ኤልኢዲ አምፖል ራሱ ቀይ ይሁን። የነጩን አብዛኛውን ብርሃን ቀዩ ሽፋን ያስቀረዋል፤ ሻጮች ግን ነጩን ዓይንህ ላይ እያበሩ ያሻሽጡታል።

ሁለተኛ፣ ሽቦውን ለማንም አትስጥ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ፍሬቻና የፍሬን መብራት አንድ ላይ የያዘ ቀጭን፣ የሚያምር መብራት ገዝቼ ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። ባለሙያ ነኝ ባዩ የፋብሪካውን ሶኬት ቆርጦ ጣለ፤ ዘወትር የሚበራውንና የፍሬኑን ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለለው። «እንዴት እንደሚያበራ ተመልከት!» ብሎ ገንዘቡን ተቀበለኝ። ያበራል፤ ግን ፍሬን ያዝኩም አልያዝኩም ያው ነው። የፋብሪካው አምፖል 21/5 ዋት የሆነው እኮ በምክንያት ነው፦ 5 ዋቱ ሁልጊዜ ይበራል፣ 21ዱ ፍሬን ሲያዝ ይጨመራል። ከኋላ ያለው ሹፌር የሚነቃው በዚያ ልዩነት ነው። ከሱሉልታ ስመለስ በእንጦጦ ቁልቁለት፣ በክረምት ጭጋግ፣ አህያ ገብታብኝ ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው ሲኖትራክ ክላክሱን እያስጮኸ በግራ ትከሻዬ አጠገብ አለፈ። ታች ቆሞ ጠበቀኝና «መብራትህ አልተለወጠም፤ የምትሄድ መስሎኝ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ጋራዡ ስመለስ ግን «ሲረከቡ አይተውታል» ብለው አሰናበቱኝ!

ዓመታዊ ምርመራው ደግሞ የባሰ ነው። ሠራተኛው በመስኮት አየና «የኋላ መብራት፣ ሂድ» ብሎ ሳያሳልፈኝ መለሰኝ። ምኑ እንደሆነ ብጠይቀው ቀና ብሎም አላየኝ። ሰው ሊሞትበት የሚችል ነገር በአንድ ቃል ይታለፋል?

በኋላ ሽቦውን ራሴ ለያይቼ ሠራሁት፣ እስከ ዛሬም አላስቸገረኝም። አንተም ማታ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙረህ አቁመውና መብራቱን አብራ። መጀመሪያ የእጁን፣ ቀጥሎ የእግሩን ፍሬን ያዝ፤ በሁለቱም ግድግዳው ላይ ያለው ቅላት ጎልቶ መጨመር አለበት። የእግሩ ከዘገየ፣ ከፔዳሉ በላይ ቀጭን ሞላ ያላት ማብሪያ አለች፤ ዳዷን ትንሽ ብታዞራት ፍሬኑ ሳይነክስ መብራቱ ይቀድማል። ኤልኢዲ ደግሞ ከክር አምፖል በ0.2 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይደምቃል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ከ3 ሜትር በላይ ነው።

ፍሬቻውንም ኤልኢዲ ካደረግከው ብልጭታው በጣም ይፈጥናል፤ ፍላሸሩን፣ ማለትም ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የምታደርገውን ዕቃ፣ ለኤልኢዲ በተሠራ ቀይርለት።

ለመልኩ አትጨነቅ። ጥቁር አንጸባራቂ ናስትሮ አለ፤ ቀን ጥቁር ነው፣ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ያበራል። የእኔ የዕቃ ሣጥን ጠርዙን በእሱ ተከቧል፤ ቀን ማንም አይለየውም።

መለዋወጫ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ስትሄድ የድሮውን አምፖል ይዘህ ሂድ። በጎኑ ያሉት ሁለት እሾሆች ከፍታቸው እኩል አይደለም። እኩል የሆነ ከሰጡህ ባለ አንድ ክር ነው፤ አትቀበል።