ጥያቄና መልስ፦ «ጌት» የምትባለው የእንግሊዝኛ ግስ

ደሴ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ «ጌት» የጠየቃችሁኝን በተራ እመልሳለሁ። (የግቢ በር የሚባለው «ጌይት» ረዘም ብሎ ነው የሚነገረው፤ ዛሬ እሱን አንነካም።)

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ መምህር፣ መዝገበ ቃላቱ «ማግኘት» ይላል። ታዲያ «ጌት ኮልድ» ብርድ ማግኘት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከቅጽል ጋር ስትመጣ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሻገርን ታሳያለች። ከኮምቦልቻ በስስ ሸሚዝ ተሳፍረሽ የሐረጎን ዳገት ስትወጪ መስኮት ይዘጋል፣ ነጠላ ይደረባል። ያኔ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ኮልድ» ትያለሽ፤ እየበረደ ነው። ደሴ ገብተሽ ስትንቀጠቀጪ «ኢት ኢዝ ኮልድ» ይበቃል። «አይ አም ሜሪድ» ባለትዳር ነኝ፣ «አይ ጎት ሜሪድ» ደግሞ አገባሁ ነው («ጎት» የ«ጌት» ኃላፊ ጊዜ ናት)።

ጥያቄ (ከላሊበላ፣ አስጎብኚ)፦ እንግዶቼን ከመኪና ሳወርድ «ጌት አውት!» ስላቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ብቻውን ሲነገር ግን «ውጡልኝ!» ይመስላል። «ዊ ጌት አውት ሂር» በላቸው፣ ራስህንም ጨምር። ከአውቶቡስ ከሆነ «ጌት ኦፍ» ነው። በጥቅሉ ውስጡ ቆመህ የምትራመድበት ከሆነ፣ እንደ አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን፣ ለመሳፈር «ኦን»፣ ለመውረድ «ኦፍ»፤ ጎንበስ ብለህ የምትገባበት ከሆነ «ኢን» እና «አውት»። ባጃጅ ከሁለተኛው ወገን ናት።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ «ፀጉሬን ተስተካከልኩ» እንዴት ይባላል?

መልስ፦ «አይ ጎት ማይ ሄር ካት»። «አይ ካት ማይ ሄር» ካልክ መቀሱን ራስህ የያዝክ ያስመስላል። እኛ «ልብስ ሰፋሁ» እና «ልብስ አሰፋሁ» ብለን በአንዲት «አ» የምንለየውን እነሱ በ«ጌት» ይለዩታል። ለእኔ ከአገልግሎቶቿ ሁሉ የምትጣፍጠው ይህቺ ናት፤ ተማሪዎቼም ቶሎ የሚይዟት እሷን ነው፣ ልብስ ሰፊ ቤት ያልሄደ የለምና።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ «ጌት» ከ«ሃቭ» ጋር ስትመጣ «ሃቭ ጎት» ወይስ «ሃቭ ጎተን»?

መልስ፦ የመጀመሪያው የእንግሊዞች፣ ሁለተኛው የአሜሪካውያን ነው። «አለኝ» ለማለት ከሆነ ግን አሜሪካዊውም «ሃቭ ጎት» ይላል።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ በሥራ ማመልከቻ ላይ ልጻፋት?

መልስ፦ ተዋት። ደብዳቤ ደረሰኝ ለማለት «ሪሲቭ»፣ ፈቃድ አገኘሁ ለማለት «ኦብቴይን» ይሻላል። ለቃለ መጠይቁ ግን አትፍራት።