አያትሽና የከዚራው ፋርማሲ

ልጄ፣ «ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የነበረው አሮጌ ፋርማሲ የአያቴ ነበር ሲባል ሰምቼ አደግሁ፤ እውነት ነው? ከእጃቸውስ እንዴት ወጣ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ የገባሁት እዚያ ቤት ነው፤ ያስገቡኝም አያትሽ ናቸው። ስለዚህ ሳልሸፍን ልንገርሽ፤ ፋርማሲው በወረቀት አንድም ቀን የእርሳቸው ሆኖ አያውቅም።

እዚያ ቤት «ባለቤቱ ማን ነው?» ሲባል መልሱ አንድ አልነበረም። ሕንፃው የአንድ የመናዊ ነጋዴ ነበር። መድኃኒቱ፣ መደርደሪያውና ንግዱ የአንድ ግሪካዊ ነበር፤ ድሬዳዋ ፈረንጁን ሁሉ እንደምትጠራው እኛም «ሙሴ» እንለው ነበር። ዕቃው ከጅቡቲ በባቡር መጥቶ ከጣቢያው በጋሪ ይደርሰናል። አያትሽ የሙሴ ደመወዝተኛ መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የመናዊው ሕንፃውን አጣ። ኪራዩ ከ100 ብር በላይ ስለነበረ ቤቱ ለቀበሌ ሳይሆን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገባ። ሰው «ፋርማሲው ተወረሰ» የሚለው ይህንን ይዞ ነው። የተወረሰው ግን ግድግዳው ነበር፤ ሙሴ ያንኑ ቤት ከመንግሥት ተከራይቶ ሥራውን ቀጠለ።

አያትሽን ከተማው በሙሉ ያወቃቸው በጦርነቱ ጊዜ ነው። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲመጣ የባቡር መስመሩ ተቋረጠ፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር ቀረ። መደርደሪያው ሲራቆት አያትሽ ከጓዳ አልወጡም። ለእከክ ድኝ በቫዝሊን ይለውሳሉ፤ ለአዋቂ 10 ከመቶ፣ ለሕፃን 5 ከመቶ። ለጭርት ደግሞ ቤንዞይክ አሲድ 6፣ ሳሊሲሊክ አሲድ 3 ከመቶ። ዱቄቱ በጣት ሲዳሰስ ካሻከረ፣ «የሰው ቆዳ ላይ ነው የሚያርፈው» ብለው እንደገና ያስወቅጡኝ ነበር። ከመጋላ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው የሚመጡ እናቶችን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአደርኛ እየጠየቁ አቀባቡን ያስረዳሉ፤ መልሰው እስኪነግሯቸውም አይሸኙም። ክንዴ እስኪዝል የወቀጥኩባቸውን እነዚያን ወራት ዛሬም እወዳቸዋለሁ።

ሙሴ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ ንግዱን ለአያትሽ ሊተውላቸው ፈልጎ ነበር። ሲነጋገሩ እዚያው ነበርኩ። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠው የሙያ ምስክር ወረቀት ላለው ሰው ነው፤ እርሳቸው ሙያውን የተማሩት በእጃቸው እንጂ በትምህርት ቤት አልነበረም። ሕጉ ልክ ነው፤ መድኃኒት ያልተማረ ሰው እጅ ላይ ሲወድቅ የሚያደርሰውን ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ይሁንና የ20 ዓመት እጃቸውን መዝኖ «ተፈተኑና ፈቃዱን ያዙ» የሚል አንድ ሰው መጥፋቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። ንግዱን ምስክር ወረቀት ያለው አንድ ኢትዮጵያዊ ገዛው። ደግ ሰው ነበር፤ አያትሽንም «ጋሼ» ብሎ እያከበረ በሥራቸው አቆያቸው። እኔን ደግሞ እርሳቸው «አንተ እንደ እኔ እንዳትቀር» ብለው የማታ ትምህርት አስገቡኝ፤ በኋላ ድራጊስት፣ ማለትም ከፋርማሲስት ዝቅ ያለ ደረጃ ያለው የመድኃኒት ባለሙያ ሆንኩ።

ከ1983 በኋላ አንድ ነጋዴ ቁልፉን፣ ማለትም የቤቱን የኪራይ መብት ገዝቶ ባለሙያ ቀጠረ። ፋብሪካ የሠራው ቅባት በየዓይነቱ ስለመጣ መቀመሚያው ጓዳ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። አያትሽ በዚያው ዓመት ቤት ዋሉ። አሁን ቦታው ጫማ መሸጫ ነው።

ስለዚህ የቀድሞውን የኪራይ ቤቶች ሰነድ ብትፈልጊ ስማቸውን አታገኚውም፤ ውሉ በሙሴና ከእርሱ በኋላ በመጡት ስም ነው። የቅመማ መዝገቡ ግን ሌላ ነገር ነው። በሐኪም የታዘዘ ቅባትና ሽሮፕ ሁሉ በቀን፣ በመጠንና በቀማሚው ፊርማ ይጻፍበት ነበር። ሱቁ ጫማ ቤት ሲሆን ሁለቱን መዝገቦች ከደጃፍ ከተጣለ ቆሻሻ መካከል አንሥቼ ሳቢያን ቤቴ አስቀምጫቸዋለሁ። በስተቀኝ ባለው ዓምድ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በየገጹ ያለው የአያትሽ ፊርማ ነው። ስትመጪ አንዱን ትወስጃለሽ።