መረጃ የሚበላሸው ደጃፍ ላይ ነው

ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥናት የሚያካሂዱ አማካሪዎች ለመሆን ለምትዘጋጁ ወጣቶች፤

ስታታንና ኤስፒኤስኤስን የመሳሰሉ የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌሮችን ከእኔ በተሻለ እንደምትሠሩባቸው አውቃለሁ፤ በዚያ በኩል የምመክራችሁ የለኝም። የእኔ ምክር ከትንተናው በፊት ስላለው ሥራ ነው። ደጃፍ ላይ የተበላሸን መልስ የትኛውም ሶፍትዌር አያቃናውምና፣ አማካሪ የሚለው ማዕረግ ቢዘገይባችሁም እንኳ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በመረጃ ሰብሳቢነትና በተቆጣጣሪነት መስክ ላይ ብታሳልፉ እመርጣለሁ።

የዕድሜን ጥያቄ ብቻ እንይ። በአገራችን የቆጠራ ሠንጠረዦች በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከአጠገባቸው ካሉት ይልቅ ተቆልለው የሚታዩት፣ ብዙ ሰው የተወለደበትን ቀን በትክክል ስለማያውቅና ጠያቂውም ስለሚቸኩል ነው። የሕፃናት መቀንጨር የሚለካው ቁመትን ከዕድሜ ጋር በማነጻጸር ስለሆነ፣ የጥቂት ወራት ስህተት አንዱን ልጅ ከቀነጨሩት ወገን ሊያስገባው ወይም ሊያስወጣው ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ጠያቂ «ሁለት ዓመቱ ነው» የሚለውን መልስ ጽፎ አያልፍም፤ የክትባት ካርድ ካለ ያያል፣ ከሌለም «ልጁ ሲወለድ ጤፉ ታጭዶ ነበር? ጥምቀትስ አልፎ ነበር?» እያለ ከእናትየዋ ጋር ወሩን ይፈልጋል። ይህ አድካሚ ነው፤ በቀን የሚሞላውን መጠይቅ ቁጥር ስለሚቀንስም በጀቱን ያዘጋጀው ሰው አይወደውም።

ወቅትንም አትናቁ። የእናቶችን አመጋገብ ለማሻሻል የተነደፈ ፕሮጀክት ሲጀመር የሚደረገው መነሻ ጥናት በጥር፣ በሠርጉ ወር ተካሂዶ ሲያበቃ የሚደረገው የማጠቃለያ ጥናት በዐቢይ ጾም ቢውል፣ የኦርቶዶክስ አማኞች በሚበዙበት ወረዳ የእንቁላልና የወተት ፍጆታ ማሽቆልቆሉ አይቀርም፤ ሪፖርቱም ፕሮጀክቱ ጉዳት አደረሰ ሊል ነው።

መልስ ሰጪው ጥያቄውን ከምን ጋር አያይዞ እንደሚሰማውም ማወቅ አለባችሁ። ሴፍቲኔት በሚሠራባቸው ወረዳዎች «ስንት ከብት አለ?» ሲባል፣ በተለይ ቀበሌው መንገድ መሪ ብሎ የመደበላችሁ ሰው አጠገባችሁ ከቆመ፣ አባወራው የሚሰማው ከተረጂነት ሊያስወጡኝ ነው የሚል ነው። መንገድ መሪውን አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ቤት አስቀድሙት።

ስለ ናሙና ደግሞ ጠንከር ብዬ ልናገር። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ማዕቀፍ፣ ማለትም ናሙናው በወጣበት ዝርዝር መሠረት፣ አንድ የቆጠራ ቦታ (ለቆጠራ የተከለለ አነስተኛ አካባቢ) በአማካይ 181 ቤተሰቦችን ይዟል፤ ዛሬ ግን በአንዱ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል፣ ከሌላው ሰዉ ተፈናቅሏል። ስለዚህ ናሙና ከመውጣቱ በፊት ቤት ለቤት አዲስ ምዝገባ ያስፈልጋል። ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዘው ግን ይኸው ምዝገባ ነው፤ «ከቀበሌው መዝገብ ውሰዱ» ይባላል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ደግሞ ተከራዩ፣ ተፈናቃዩና በቅርቡ ጎጆ የወጣው ወጣት ብዙ ጊዜ የሉም። እኔ ብሆን ምዝገባውን ትቼ ገንዘብ ከማተርፍ መጠይቁን በግማሽ አሳጥራለሁ፤ በአብዛኛው መጠይቅ ውስጥ ማንም የማይተነትናቸው ጥያቄዎች ሞልተዋልና።

ስምና ስልክ ቁጥርን ከመልሱ ለይታችሁ አስቀምጡ። ይህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

በመጨረሻም አሠሪው ድርጅት ውጤቱን ላይወደው ይችላል። «ይህን አንቀጽ አለስልሱልን» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ክፍያው ሳይጠናቀቅ ስለሆነ፣ መልሱ አስቀድሞ በውሉ መስፈር አለበት፤ ድርጅቱ በረቂቁ ላይ የቁጥርና የስም ስህተት እንዲያርም፣ በግኝቱ ካልተስማማም አስተያየቱ እንዳለ በአባሪነት እንዲታተምለት፣ ግኝቱ ግን እንዳይቀየር። ይህን ለመፈረም የሚያንገራግር ካጋጠማችሁ ሥራውን ለሌላ ተዉለት።