የመጀመሪያ ካሜራዬ የትኛው ይሁን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። ቅዳሜና እሑድ የዘመድና የጎረቤት ክርስትና፣ መልስና ምረቃ በስልኬ ሳነሳ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን እየከፈሉ የሚጠሩኝ ሰዎች ስለመጡ እውነተኛ ካሜራ መግዛት አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ሁለት ዓመት የጣልኩት እቁብም ደርሶኛል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉ ሱቆችን አዳርሼ ሦስት ምርጫ አግኝቻለሁ፦ አዲስ ካኖን 4000ዲ፣ አዲስ ካኖን 2000ዲ እና ያገለገለ ኒኮን ዲ3500። ሦስቱም ከ18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ናቸው። 4000ዲ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። አንዱ ሻጭ «ዋናው ሜጋፒክስሉ ነው» ይለኛል፤ ሌላው «ካኖን ካልሆነ አትግዢ» ይለኛል። የርቀት መነጽር አደርጋለሁ፤ ቪዲዮ ለጊዜው አላስብም። ምን ይመክሩኛል?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእቁብ የተጠራቀመ ገንዘብ ተመልሶ በቶሎ የሚገኝ ስላልሆነ መልሴን ከወዲሁ በግልጽ ላስቀምጥልዎት። 4000ዲን ይተዉት። ያገለገለው ኒኮን ከዚህ በታች የምነግርዎትን ፍተሻ ካለፈ እሱን ይውሰዱ፤ ካላለፈ 2000ዲን ይግዙ። የትኛውንም ቢመርጡ ግን ያለዎትን ገንዘብ በሙሉ በካሜራው ላይ አይጨርሱት። ሁለቱ ሻጮች የነገሩዎት ሁሉ የፎቶ ባለሙያዎች ቦዲ ስለሚሉት የካሜራው አካል ነው፤ እርስዎ በሚሠሩበት ቦታ ሥራውን የሚወስነው ግን ከፊት የሚገጠመው ሌንስ ነው።

የሜጋፒክስሉን ጉዳይ ባጭሩ እንለፈው። 2000ዲና ዲ3500 ወደ 24 ሜጋፒክስል ያነሳሉ፤ ይህም ፎቶው በአግድም 6000፣ በቁመት 4000 ነጥብ አለው ማለት ሲሆን፣ 50 በ33 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ወረቀት ላይ በጥራት ይታተማል። የ4000ዲ 18 ሜጋፒክስል ደግሞ 44 በ29 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ለሰርግ አልበምና ሳሎን ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ሁለቱም ይበቃሉ፤ በቴሌግራም ለሚላክ ፎቶማ ልዩነቱ ጨርሶ አይታይም። 4000ዲን ይተዉት ያልኩዎት ስለዚህ ቁጥር አይደለም።

ምክንያቴ ሌላ ነው። 4000ዲ ዋጋው ዝቅ እንዲል ሲባል ከላዩ ብዙ ነገር ተቀንሶለታል። ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት በሌሎቹ ብረት ሲሆን በእሱ ፕላስቲክ ነው፤ ሌንስ አዘውትሮ ለሚቀይር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጀርባው ስክሪን 2.7 ኢንች ብቻ ሲሆን ጥራቱም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ያነሱት ሰው ዓይን ጠርቶ ይውጣ ወይም ደብዝዞ ይቅር ቦታው ላይ ሆነው ማረጋገጥ ያስቸግርዎታል። ለእርስዎ ደግሞ ከሁሉም የሚከፋው፣ በዓይን ማያው ቀዳዳ አጠገብ ማየትን ከዓይን ጋር የምታስተካክለው ትንሽ ጎማ የሌለው መሆኑ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው በ2000ዲና በዲ3500 ይህችን ጎማ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረ በመነጽሩም ሆነ፣ የመነጽሩ ቁጥር ከፍተኛ ካልሆነ፣ ያለ መነጽሩ ጥርት አድርጎ ማየት ይችላል። ሱቅ ውስጥ ይሞክሩት፤ በማያው ውስጥ ከታች የሚበሩት ቁጥሮች ሲጠሩ ጎማዋ ቦታዋን አግኝታለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ክርስትና የሚነሳው በማለዳ፣ ብርሃኑ ገና ሳይጎላ፣ በሻማና በጥቂት አምፖል በሚበራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የ40 ቀን ወንድ ወይም የ80 ቀን ሴት ልጅ ፊት ላይ ፍላሽ ማብራት አይገባም፤ ካህናቱም አይወዱትም፤ ካሜራ ይዞ ለመግባትም አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ከሦስቱም ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ወደ 55፣ ማለትም ሩቁን ወደሚያቀርበው ጫፍ፣ ሲጎተት ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ቢበዛ ኤፍ 5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ይህን በ1.8 ከሚከፈት ሌንስ ጋር ቢያወዳድሩት ሁለተኛው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህም በተግባር ሲታይ፣ በመጀመሪያው ሌንስ 1/15 ሰከንድ ሲያነሱ እጁን እያወራጨ የሚያለቅሰው ሕፃን ተድበስብሶ ሲወጣ፣ በሁለተኛው በዚያው ብርሃን 1/125 ሰከንድ ስለሚያነሱ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አንድን ቦዲ በሌላ ቦዲ በመለወጥ ብቻ ይህን ያህል ልዩነት በዚህ የዋጋ ደረጃ አያገኙም። ገንዘቡን አይጨርሱት ያልኩዎት ለዚህ ነው።

የትኛው ሌንስ የሚለው ደግሞ በቤቶቻችን ስፋት ይወሰናል። ለካኖን ብዙ ሰው የሚገዛው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው፤ ርካሽና ጥሩ ሌንስ መሆኑን እመሰክራለሁ። ነገር ግን የእነዚህ ካሜራዎች ብርሃን ተቀባይ ከድሮው ፊልም ያነሰ ስለሆነ ሌንሱ የሚያሳየው ጠበብ ይላል። በ2000ዲ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥመው ከ3 ሜትር ርቀት ቢያነሱ በፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ብቻ ነው። በኒኮን ላይ የሚገጠመው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ግን ከዚያው ርቀት 2 ሜትር ያህል ይይዛል። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሲያነሱ የልዩነቱን ትርጉም ያዩታል፦ በአንደኛው እናትና ሕፃን፣ በሁለተኛው እናት፣ ሕፃንና ክርስትና እናት ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ። ለቤተሰብ ሥራ የኒኮኑን ጥንድ ያስመረጠኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኒኮኑን ከገዙ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ዲ3500 በውስጡ ሌንስን የሚያንቀሳቅስ ሞተር ስለሌለው፣ ስማቸው በኤኤፍ-ኤስ ወይም በኤኤፍ-ፒ የሚጀምር ሌንሶችን ብቻ ይግዙ። ሞተር የሌላቸው የቆዩ የኒኮን ሌንሶች ይገጠማሉ፤ ፎከሱን (የፎቶውን ጥራት የሚያስተካክለውን) ግን በእጅ ማዞር የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ፍላሽ ነው። ለመልስ በድንኳንም ሆነ በአዳራሽ ሲያነሱ ውሎ አድሮ ጣሪያ ላይ የሚያንጸባርቁት ፍላሽ ያስፈልግዎታል፤ ለጀማሪ ደግሞ ብልጭ ከማለት በቀር ሌላ የማያውቀው ቀላሉ ፍላሽ ይበቃል። የካሜራውን አናት፣ ፍላሽ የሚንሸራተትበትን የብረት ሐዲድ ይመልከቱ። በ2000ዲና በ4000ዲ ላይ እንዲህ ያለውን ፍላሽ የሚያስነሳው የመሃሉ ክብ የብረት ነጥብ የለም። ስለዚህ ለካኖን ተብለው የተሠሩና ከካሜራው ጋር መነጋገር የሚችሉ ፍላሾች እንጂ ቀላሎቹ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ አይሠሩም። ዲ3500 ነጥቡ አለው። ሻጩ ይህን አንሥቶ ላይነግርዎት ስለሚችል በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ።

ሌላው ልዩነት ባጭሩ ይህን ይመስላል። ዲ3500 በመደበኛው መለኪያ በአንድ ባትሪ 1,550 ፎቶ ያነሳል፤ 2000ዲ 500 ያህል። ኒኮኑ በሰከንድ 5፣ ካኖኑ 3 ፎቶ ያነሳል፤ ሕፃኑ ውኃ ሲፈስበት ፊቱ የሚለዋወጥበትን ያችን ቅጽበት ለመያዝ ይጠቅማል። በአንጻሩ 2000ዲ ዋይፋይ ስላለው ፎቶውን ወደ ስልክ በፍጥነት ያስተላልፋል፤ ኒኮኑ ያለው ብሉቱዝ ብቻ ስለሆነ ሙሉውን ፎቶ በካርድ አንባቢ መገልበጥ ይቀላል። ሦስቱም ብርሃን ተቀባያቸውን አንቀጥቅጠው አቧራ የሚያራግፉ አይደሉም። በበጋ አቧራ በሚነሳባት ከተማችን ሌንስ ሲቀይሩ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ደፍተው፣ ከነፋስ ዞር ብለው ይቀይሩ።

አሁን ፍተሻው። የራስዎን ሜሞሪ ካርድ ይዘው በቀን ብርሃን ይሂዱ። በመጀመሪያ ሌንሱን ከካሜራው ነቅለው በሱቁ በር በኩል ወደ ሰማይ አንሥተው ከኋላው ይመልከቱበት። እኔ ከዓመታት በፊት ያገለገለ ሌንስ ስገዛ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ ቤት ገብቼ በመስኮት ብርሃን ሳየው በመስታወቶቹ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ሻጋታ አገኘሁ። ክረምቱን በተዘጋ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ሌንስ እንዲህ ይሆናል፤ ሻጋታው ሲያድር መስታወቱን ይበላዋል፤ ማስጠረጊያውም ውድ ነው። አቧራ ቢያዩ ግን አይደንግጡ፤ ጥቂት ብናኝ ፎቶ ላይ አይታይም።

ቀጥሎ ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርገው ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሱ። ፎቶውን አሳድገው ሲያዩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካሉ ብርሃን ተቀባዩ ላይ አቧራ አለ፤ ይህ ይጸዳል። መስመር የመሰለ ጭረት ካዩ ግን ካሜራውን ይመልሱ። ከዚያ በር ላይ ሆነው የቆመ ታክሲ ያንሱና የሰሌዳውን ቁጥር አሳድገው ያንብቡ፤ በመሃልም በዳርም እየደጋገሙ ይሞክሩ። ሁሉም ፎቶ ከታክሲው ፊት ወይም ኋላ ያለውን ነገር ብቻ የሚያጠራ ከሆነ ፎከሱ ችግር አለበት። በመጨረሻም ያነሱትን አንድ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው የፋይሉን ዝርዝር ያስነብቡ፤ ኒኮን ካሜራው እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳነሳ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይጽፋል። የዚህ ደረጃ ካሜራ ሻተር (ፎቶ በተነሳ ቁጥር ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) 100,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ቁጥሩ ከ30,000 በታች ከሆነ ደስ ይበልዎት፤ ከ70,000 ካለፈ በዚያው ልክ ዋጋው እንዲቀነስ ይጠይቁ። ሻጩ «ብዙም አልሠራችም» የሚለውን ቃል ከዚህ ቁጥር ጋር ያመሳክሩት።

በሌንሱ ዙሪያ ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብቡት። በካኖን አይኤስ፣ በኒኮን ቪአር የሚሉት ሁለት ሁለት የላቲን ፊደላት የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ ሥርዓት እንዳለው ያመለክታሉ። 18-55 ሌንስ ከዚህ ሥርዓት ጋርም ያለሱም ስለሚሸጥ፣ ሁለት ሱቅ ለ«አንድ ዓይነት» ካሜራ የተለያየ ዋጋ ከጠራልዎት መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ይሁን።

ጥያቄ፦ ከላይ ካለው ጋር የሚመሳሰል ጥያቄ አለኝ። ዲኤስኤልአር (እንደ ከላዮቹ ሦስት በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ጊዜው አልፎበታል፣ ሚረርለስ (መስታወት የሌለውን) ግዛ ይሉኛል። እኔ ከፎቶው ይልቅ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ መቅረጽ ነው የምፈልገው።
(ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ለእርስዎ ምክራቸው ትክክል ነው። ካኖንና ኒኮን አዳዲስ ሥራቸውን ወደ ሚረርለስ አዙረዋል። ከላይ ከተጠቀሱት ሦስት ካሜራዎች አንዱም የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ የለውም፤ ያለ ማይክሮፎን የሚቀረጽ ቃለ መጠይቅ ደግሞ የመንገዱን የመኪና ጥሩምባ እንጂ የተጠያቂውን ቃል አያሰማም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ካኖን አር100ን ይመልከቱ፤ መሰኪያው አለው። ከዲኤስኤልአር አልወጣም ካሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ካኖን 250ዲ መሰኪያም አለው፤ በቪዲዮ ላይ ፊትን ተከትሎ ያጠራል፤ ስክሪኑም ወደ ፊት ስለሚዞር ብቻዎን ሲቀርጹ ራስዎን ማየት ይችላሉ። ፎቶ ብቻ ለሚያነሳ ሰው ግን፣ ያገለገለ ሌንስ በብዛትና በቅናሽ እስከተገኘ ድረስ ዲኤስኤልአር ዛሬም የሚያኮራ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራውን ገዝቻለሁ፤ አንድ 64 ጊጋ ካርድ ልግዛ ወይስ ሁለት 32 ጊጋ?
(ከፒያሳ)

መልስ፦ ሁለት 32 ይግዙ። ጥሬ ፋይል በሚባለው ትልቁ ዓይነት ቢያነሱ እንኳ አንዱ 1,000 ያህል ፎቶ ይይዛል። የጀማሪ ካሜራ የሚይዘው አንድ ካርድ ብቻ ስለሆነ፣ ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ በአንዱ፣ አዳራሽ ሲገቡ በሌላው ቢያነሱ፣ አንዱ ቢበላሽ የቀኑ ግማሽ ይተርፋል። አዲስ ካርድ ደግሞ ለሥራ ከመውጣትዎ በፊት ቤትዎ ሆነው እስኪሞላ ድረስ አንሥተው፣ የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች ከፍተው ይዩ፤ 32 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ የውሸት ካርድ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።